«የሚሠራውን ለምን አወጣህብኝ?»

የዛሬዎቹ ሦስት ደብዳቤዎች ከአንድ ነርስ፣ ከአንድ አስተማሪና ከአንዲት ሚድዋይፍ የመጡ ናቸው። ጉዳያቸው አንድ ነው፦ የጤና ሥራን በልማድ ሳይሆን በጥናት ማስረጃ መሥራት። ሦስቱም ከሐዋሳና ከአካባቢዋ ናቸው። አዳልተሻል የሚለኝ ካለ አልከራከርም፤ 28 ዓመት በነርስነትና በማስተማር የኖርኩባት ከተማ ናት። የጸሐፊዎቹን ስምም ሆነ የሚሠሩበትን ቦታ አልጠቅስም።

ጥያቄ

ሲስተር፣ ሰላም ነው? ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ ነርስ ነኝ። ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እኛ ጋ ካኑላ፣ ያ ደም ስር ውስጥ ገብቶ መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ፣ ሦስት ቀን ከሞላው ይወጣል፣ አዲስ ይገባል። ባለፈው ከአለታ ወንዶ የመጡ አንድ አባት ተኝተው ነበር። ካኑላቸው ጥሩ ይሠራል። አላበጠም፣ አልቀላም። ሦስት ቀን ስለሞላው ብቻ አወጣሁት። ከዚያ ደም ስር ጠፋ። አራት ጊዜ ወጋኋቸው። ልጃቸው ውጭ ፋርማሲ ሄዶ ሌላ ካኑላ ገዝቶ መጣ። አባትየው በሲዳሙ አፎ አንድ ነገር አሉ። ልጁን ምን አሉ ስለው «የሚሠራውን ለምን አወጣህብኝ ነው የሚሉህ» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሄድ ነርሷን ስጠይቃት «ሁሌም እንዲህ ነው የሚሠራው፤ አንተ ነህ አዲስ የምታመጣው?» አለችኝ። በማስረጃ ላይ ስለተመሠረተ የነርስ ሥራ ሦስት ቀን ሠልጥኛለሁ። ሰርተፍኬትና ቦርሳ ይዤ ተመለስኩ። ዋርዱ ግን እንደነበረ ነው። ምን ላድርግ?

ግራ የገባው ነርስ

መልስ

ወንድሜ፣ አባትየው ሥራህን አቃለውልሃል። በሥልጠናው ሦስት ቀን ሙሉ እንድትጽፉት የተለፋበትን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠይቀውሃል።

ፒኮ ብለው ፍሊፕቻርት ላይ ያስጻፏችሁን ታስታውሳለህ። ማን፣ ምን ሲደረግለት፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር፣ ምን ውጤት። ብዙ ሠልጣኝ ፊደሎቹን ሸምድዶ ይወጣና ዋርድ ሲገባ ይረሳቸዋል። አሁን አባትየውን አስገባቸው። ካኑላ የገባለት አዋቂ ሕመምተኛ፤ ምክንያት ሲኖር ብቻ ቢወጣለት፤ በየሦስት ቀኑ ከሚቀየርለት ጋር ሲነጻጸር፤ ፍሌቢቲስ (የደም ስር መቆጣት) ይበዛበታል ወይ? አለቀ። ይህ ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ ሊፈለግ ይችላል። «ስለ ካኑላ ምን አዲስ ነገር አለ» ብለህ ብትገባ ግን እስከ ንጋት አትወጣም።

ሌሎች ነርሶችም ቀድመው ጠይቀውታል። አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ክሌር ሪካርድ የምትባል የነርስ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቿ በሦስት ሆስፒታሎች 3,283 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለአንዱ ወገን ካኑላው በየሦስት ቀኑ ይቀየራል። ለሌላው ምክንያት ካልተገኘ አይነካም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ፍሌቢቲስ የያዘው ከአንዱ ወገን 114 ሰው፣ ከሌላውም 114 ሰው። ሁለቱም 7 በመቶ። መጀመሪያ ሳነበው የትየባ ስህተት መስሎኝ ሁለቴ ተመልክቻለሁ።

እሰይ ብለህ ወደ ሄድ ነርሷ እንዳትሮጥ። ቆይ።

ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ያለው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በዚሁ ሐሳብ ተነሣስቶ እ.ኤ.አ. በ2018 አሠራሩን ቀየረ። በየአራት ቀኑ መቀየር ቀረና «ምክንያት ሲኖር ብቻ» ተባለ። ከዚያ በካኑላ ሰበብ ደም ውስጥ የሚገባው ኢንፌክሽን ጨመረ። ወደ ድሮው አሠራር ሲመለሱ ቀነሰ። ከ400,000 በላይ ካኑላዎች ናቸው የታዩት፤ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። በዕጣ የተከፋፈለ አይደለም፣ በፊትና በኋላ የተነጻጸረ ነው። ስለዚህ ከኩዊንስላንዱ ይልቅ ለጥርጣሬ በር ይከፍታል። ቢሆንም ዝም ብዬ የማልፈው አይደለም።

እንግዲህ የቱን እንመን? እኔ የማየው እንዲህ ነው። ኩዊንስላንድ ላይ የጥናቱ ነርሶች በየቀኑ እየሄዱ ክንዱን ያዩ ነበር። ካኑላው ዝም ብሎ አልተረሳም። የእኛ የሦስት ቀን ሕግ ደግሞ ጉድ ቢኖረውም አንድ ነገር ያስገኛል፦ ማንም ሳያየው የከረመ ክንድ ቢያንስ በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ያየዋል። ሕጉን አንሥተህ ማየቱን ካልተካህ ያቺን አንዷንም አጠፋሃት። ስለዚህ ሄድ ነርሷ ፊት የምታቀርበው ጥያቄ «ሦስት ቀን ለምን?» ባይሆን ይሻላል። «እኛ ዋርድ ክንዱን በየሺፍቱ የሚያየው ማነው?» በላት። እውነቱን ንገረኝ፤ በናንተ ዋርድ ሌሊት ተረኛው ፋሻውን ገለጥ አድርጎ ያያል?

ከዚህ በኋላ ያለው የስክሪብቶና የደብተር ሥራ ነው። ካኑላ ስታስገባ ፕላስተሩ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍ። ለዚህ ማርከር ኪስህ ውስጥ ይኑር፤ ይጠፋብኛል ካልክ እኔ ሁለት ነው የምይዘው፣ አንዱን ዶክተሮች ይወስዱታል። አንድ ደብተር አስምር። ቀን፣ የትኛው እጅ፣ ማን አስገባው፣ በየሺፍቱ ምን ታየ፣ ለምን ወጣ። የሚታየውን ነገር በቁጥር መስጠት ትችላለህ። ቪአይፒ ስኮር የሚሉት አለ፤ ከ0 እስከ 5 ነው። ምንም የለም ከሆነ 0። ትንሽ ሕመም ወይም ትንሽ መቅላት ብቻ ካለ 1፣ ተከታተለው። ሕመም፣ መቅላትና እብጠት ከሚሉት ሁለቱ ከታዩ 2 ነው፤ 2 ላይ አውጣው። የመጀመሪያ ቀንም ቢሆን። ይህን ብዙ ሰው ይረሳል። ሦስት ቀን ጠብቆ የሚያወጣ ነርስ በሁለተኛው ቀን የቀላውን «ገና አልሞላውም» ብሎ ሲተወው ዓይቻለሁ።

ሁለት ነገር ሳልረሳ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በጥድፊያ፣ ንጽሕናው ሳይጠበቅ የገባ ካኑላ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የለበትም። የአሜሪካው የበሽታ መከላከል ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለውን በ48 ሰዓት ውስጥ ቀይሩ ይላል። ልጆችን በተመለከተ ደግሞ ያው መመሪያ ምክንያት ሲኖር ብቻ ቀይሩ ብሏል። ሕፃናት ዋርድ ሄደህ ጠይቅ። እዚያ ያሉት ነርሶች በካላንደር የሚሠሩ ከሆነ አንድ ሕፃን ላይ ደም ስር መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ አንተው ታውቃለህ።

አሁን ወደ ሄድ ነርሷ። ሞርኒንግ (የጠዋቱ ስብሰባ) ላይ በሰው ፊት እንዳታነሣው። ሰው ፊት የተጠየቀ አለቃ መልሱን ቢያውቅ እንኳ እምቢ ይላል። እኔ በወጣትነቴ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ የሌሊት ሺፍት አግኝቻለሁ። የዋርድ ሕግ የሚለወጠው ሌሊት አብረው ያደሩ ሰዎች ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርደው ዓሣ ሾርባ ሲጠጡ ነው። እጃቸው ላይ ሚጥሚጣ እያለ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ጠረጴዛው ሥር ሲዞር፣ «ሲስተር፣ አንድ ወር ብቻ እንቁጠር?» በላት። አሠራር እንቀይር አትበላት። እንቁጠር በላት። ለመቁጠር ፈቃድ የሚከለክል ሰው ጥቂት ነው። የኢንፌክሽን መከላከል ተጠሪውንና የኳሊቲ ክፍሉን አስገባቸው፤ የሚያስመዘግቡት ፕሮጀክት ሁሌ ይፈልጋሉ። የወሩ መጨረሻ ላይ ስንቱ ካኑላ ደህና ሆኖ ሳለ እንደወጣ፣ ስንቱ ሳይታይ እንደቀላ በእጅህ ይኖራል። ከኩዊንስላንዱ 114 ይልቅ እሷን የሚነካት የራሷ ዋርድ ቁጥር ነው።

ሄድ ነርሷንም አትቀየማት። ያ ሕግ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ? እሷ አላመጣችውም። በዚያን ጊዜ የነበረው መመሪያ በ72 እና በ96 ሰዓት መካከል ቀይሩ ይል ነበር። እሷ በጊዜዋ በማስረጃ ነው የሠራችው።

አንድ ነገር ደግሞ። ዴቪድ ሳኬት የሚባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1996 በማስረጃ ላይ የተመሠረተ አሠራርን ሲያስረዳ ጥናት ብቻውን በቂ አይደለም ብሏል። የባለሙያው ልምድና የሕመምተኛው ፍላጎት አብረው ይገባሉ። አባትየው ፍላጎታቸውን ተናግረዋል። በአስተርጓሚ፣ አራት ጊዜ ከተወጉ በኋላ። በሚቀጥለው ቀድመህ ጠይቅ።

ጥያቄ

የተከበሩ ሲስተር፣ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ አስተማሪ ነኝ። ስለ ቅድመ ኦፕሬሽን ዝግጅት ሳስተምር «በዋዜማው ምሽት ቦታውን በምላጭ መላጨት» አልኩ። አንዲት ተማሪ ስልኳን አውጥታ «ቲቸር፣ የዓለም ጤና ድርጅት አትላጩ ነው የሚለው» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም «ፈተና ላይ የሚመጣው ይሄ ነው» ብዬ አለፍኩት። ሃንዳውቱን ያዘጋጀሁት ከ12 ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ስገባ ያቺን ልጅ ቀና ብሎ ማየት ከበደኝ።

መልስ

ጌታዬ፣ እኔም በዚያው ምላጭ ነው ያደግሁት።

በ1989 ዓ.ም. ተማሪ ሆኜ፣ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ዋርድ አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ላይ ነበርኩ። የማታ ሥራችን መላጨት ነበር። አንድ ሳህን የሳሙና ውኃ፣ አንድ ምላጭ። መያዣ ስላልነበረ ምላጩን በአርተሪ ፎርሴፕስ ቆንጥጠን ነበር የምንይዘው። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ለቡአ ኦፕሬሽን ተኝተው ነበር። አፍረዋል፣ እኔም አፍሬያለሁ፣ መብራቱ ደካማ ነው። ሦስት ቦታ ቆረጥኳቸው። ደሙን በጥጥ ጫን አድርጌ ያዝኩና «ትንሽ ነው፣ አይዞዎት» አልኳቸው። ጠዋት ሐኪሙ ዓይቶ ከንፈሩን ነከሰ እንጂ ምንም አላለም። ቁስላቸው መግል ይዞ ብዙ ቀን ተኙ። የምላጩ ጦስ ይሁን አይሁን ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ አስተማሪ ሆንኩና ያንኑ ምላጭ አስተማርኩ። ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ፣ ባለ 5 ማርክ።

የሚያስቆጨኝ መልሱ ሳልወለድ የታወቀ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ በምላጭ ከተላጩት 5.6 በመቶው ቁስላቸው ኢንፌክሽን ያዘ። ካልተላጩት ወይም በክሬም ከተነሣላቸው የያዘው 0.6 በመቶው ነው። ምላጭ በዓይን የማይታይ ጭረት ይተዋል። በዋዜማው ከላጩ ደግሞ ባክቴሪያው ሌሊቱን ሙሉ ጊዜ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ጠጉሩን ተዉት፣ የግድ ከሆነ በክሊፐር (በጠጉር መቁረጫ ማሽን) ብቻ፣ ምላጭ በፍጹም ይላል። ተማሪዋ ልክ ናት። «እኛ ክሊፐር የለንም» የሚል መልስ ይመጣል፤ ሁሌ ይመጣል። የመመሪያው የመጀመሪያ ምርጫ ግን አለመንካት ነው። አለመንካት ግዢ አይፈልግም።

አሁን ክፍል ይመለሱና ልጅቷን ስልኳን ይዛ ወደፊት እንድትወጣ ይጋብዟት። ይቅርታ የሚል ንግግር አያስፈልግም፣ ሁሉም ይገባዋል። እንዴት እንዳገኘችው ታሳይ። ምን ብላ ፈለገች? መመሪያውን ነው ያየችው ወይስ ስለ መመሪያው የተጻፈ የሆነ ፖስት? የትኛው ዓመት ነው? ምክሩ ጠንካራ ነው ወይስ ደካማ? ልጆች ስልክ ላይ ቶሎ ያገኛሉ፤ ያገኙት ምን እንደሆነ ግን አይለዩም። እዚያ ላይ ነው እርስዎ የሚያስፈልጉት። የቲክቶክ ቪዲዮ ይዛ ብትመጣ ኖሮስ? ክፍሉ ያኔም ይስቅ ነበር።

ፈተናውን በተመለከተ ግን እቆጣዎታለሁ። የሚያወጡት እርስዎ ነዎት እኮ። «በማስረጃ ላይ የተመሠረተ አሠራርን ተርጉም» የሚል ጥያቄ ሸምዳጁን ነው የሚያሳልፈው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ በካሊፎርኒያዋ ፍሬስኖ ከተማ ስም የሚጠራ ፈተና አለ። ለተማሪው የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ይሰጠዋል። ጥያቄውን ራሱ ይጻፍ፣ የት እንደሚፈልግ ይናገር፣ ያገኘውን እንዴት እንደሚመዝን ያስረዳ ይላል። ምርጫ የለውም። እርማቱ አድካሚ ነው፣ አልዋሽዎትም፤ 60 ተማሪ ካለዎት ሁለት ቅዳሜ ይበላል። በሴሚስተር አንዴ ይሞክሩት።

ሃንዳውቱ ግርጌ ላይ ደግሞ «መጨረሻ የታየው» ብለው ቀን ይጻፉ። ስኪል ላብ ውስጥ ያለው ሳላይን እንኳ ኤክስፓየሪ ዴት አለው።

ጥያቄ

ሲስተርዬ፣ ከሐዋሳ ወጣ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ ሚድዋይፍ ነኝ። ማንበብ እወዳለሁ፤ ጽሑፉ ግን ወይ ክፈይ ይለኛል ወይ ስታቲስቲክሱ ራሴን ያዞረኛል። ቁጥሩ ሳይገባኝ በማስረጃ መሥራት እችላለሁ?

መልስ

እህቴ፣ በነጻው እንጀምር። ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ላይ የአብዛኛው ጽሑፍ ማጠቃለያ ያለ ክፍያ ይነበባል። ሂናሪ የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ነው፤ እንደ እኛ ላሉ አገሮች ብዙ ጆርናል ይከፍታል። የይለፍ ቃሉ በተቋም ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ በቅርብሽ ያለ ሆስፒታል ወይም ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ጠይቂ። ኮክራን ላይብረሪ ደግሞ ጥናቶችን ሰብስቦ መዝኖ ያስቀምጣል፤ ለእያንዳንዱ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር ማጠቃለያ አለው። ከእሱ ጀምሪ።

ስታቲስቲክሱን የኮክራን አርማ ላይ አሳይሻለሁ። ስልክሽ ላይ ክፈቺው። ክብ ውስጥ መሐል ላይ የቆመ መስመር አለ። ከጎንና ከጎኑ አጫጭርና ረጃጅም የተጋደሙ መስመሮች አሉ። ከታች ትንሽ ዳይመንድ አለች። እያንዳንዱ የተጋደመ መስመር አንድ ጥናት ነው። የቆመውን መስመር ከነካ፣ ያ ጥናት ብቻውን «ይረዳል» ለማለት አልቻለም። ረጅም ከሆነ እርግጠኛ አይደለም፣ አጭር ከሆነ ይበልጥ እርግጠኛ ነው። አብዛኞቹ ይነካሉ። ዳይመንዷ የሁሉም ድምር ናት፤ እሷ ግን አትነካም፣ ወደ ግራ ወጥታለች። ግራ ማለት እዚህ ሞት ቀነሰ ማለት ነው። ይህን ካነበብሽ ብዙዎች የሚፈሩትን ሥዕል አነበብሽ።

አርማው ላይ ያለው ጥናት ደግሞ የአንቺው ሥራ ነው። ያለ ቀኗ ምጥ ለመጣባት እናት ስቴሮይድ መርፌ መስጠት፣ የልጁ ሳንባ እንዲጠነክር። የመጀመሪያው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 ከኒውዚላንድ ወጣ። ተደምሮ እስኪታይ ድረስ ግን ብዙ ዓመት አለፈ፤ መርፌውን ሳያገኙ የሞቱ ሕፃናት ብዙ ናቸው።

ታዲያ ነገ ጠዋት ለሁሉም ልስጥ እንዳትዪ። እ.ኤ.አ. በ2015 በኬንያ፣ በዛምቢያ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በአርጀንቲናና በጓቲማላ መርፌው እስከ ጤና ጣቢያና ገጠር ድረስ እንዲወርድ የተሞከረበት ጥናት ወጣ። በአጠቃላይ የሕፃናት ሞት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። እናቶችም ላይ ኢንፌክሽን በዛ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ኬንያንና ናይጄሪያን ጨምሮ በአምስት አገሮች፣ የእርግዝናው ሳምንት በአልትራሳውንድ በሚታወቅባቸውና ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን በሚታከምባቸው ሆስፒታሎች ተሞከረ። እዚያ ሞት ቀነሰ። መርፌው አንድ ነው። አጠገቡ ያለው ነገር ነው የተለየው። ስለዚህ ስታነቢ ከቁጥሩ በፊት የት ተሠራ የሚለውን ፈልጊ፤ «ሴቲንግ» በሚለው ሥር ይጽፉታል። ከዚያ ጤና ጣቢያሽን ዙሪያውን እዪ። አልትራሳውንድ አለ? ኦክስጅን አለ? አምቡላንሱ ሲደወልለት ይመጣል?

የኮክራን ማጠቃለያ አንድ አውርጂና አንብቢ። ኔትወርኩ ሌሊት ስለሚሻል ተረኛ ስትሆኚ ይሁን። የከበደሽን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ በስክሪብቶ አስምሬበት እመልስልሻለሁ።